እትዬ ጥሩወርቅ ደህና ናቸው

አበሻ ሆኖ «እንዴት ነህ?» ሲባል እውነቱን የሚመልስ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ የተኛ ሰው እንኳ ጠያቂ ሲመጣለት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጠያቂውም «እሰይ» ይላል። ከዚያ ሁለቱም የተሰበረውን እግር ያያሉ። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ኬንቲሽ ታውን፣ አንድ ጎረቤት ነበረኝ። ከላይ ቤት በፈሰሰ ውሃ የኩሽናው ጣሪያ የተደረመሰ ዕለት በር ላይ አግኝቼው «እንዴት አደርክ?» ብለው፣ ከፀጉሩ ላይ ኖራውን እያራገፈ «ተመስገን፣ ሁሉ ሰላም» አለኝ።

እንግሊዞቹም እኮ «ደህና ነኝ» ይላሉ እንዳትሉኝ። ይላሉ፤ ግን በር ላይ ብቻ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ፣ ወይም ቅጽ ሲቀርብላቸው፣ ከእግራቸው ጣት ጀምረው ይዘረዝሩታል። እኛ ግን ሐኪሙም ፊት ደህና ነን፣ ቅጹም ላይ ደህና ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የተረትነውም እኛው ነን። ተረቱን የምንጠቅሰው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ልፈላሰፍ ብዬ አይደለም። ይኸው «ደህና ነኝ» የሚባለው በሽታ ድርጅቴን ገና በእንጭጩ ሊቀጨው ስለነበር ነው። አዎ፣ ድርጅት አለኝ። ስሙ «አለሁ ኬር» ይባላል። አረጋውያንንና ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄደን እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ ምግብ እናቀርባለን፣ መድኃኒታቸውን እናስታውሳለን። መርፌ አንወጋም፣ ቁስል አንነካም፤ ያ የነርሶቹ ሥራ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤታችን የሚገኘው በሳሎኔ ውስጥ፣ በቴሌቪዥኑና በመስኮቱ መካከል ነው። ሥራ አስኪያጇ እኔ ስንዱ ነኝ፤ ጸሐፊዋም እኔ ነኝ፤ ቢሮውን የምትጠርገውም እኔው ነኝ። አውቶቡስ የሚነዳው ባለቤቴ ደግሞ ራሱን የቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾሟል። ቦርዱ የሚሰበሰበው እሱ ምሳ ሲቀርብለት ነው።

ከዚያ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት በሰው ድርጅት ውስጥ ኬረር፣ ማለትም ቤት ለቤት ተንከባካቢ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከብሪክስተን እስከ ካሌዶኒያን ሮድ ያልወጣሁት የካውንስል፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት፣ ሕንፃ ደረጃ የለም። ሥራውን እወደዋለሁ፤ የማልወደው ጥድፊያውን ነበር። ሃያ ደቂቃ ይሰጧችኋል፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰው አስነሥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አልብሳችሁ፣ አብልታችሁ ትወጣላችሁ። «እንዴት አደሩ?» ለማለት የተመደበ ደቂቃ የለም። ሰውን ሳያናግሩ ማጠብ ደግሞ መኪና ማጠብ ነው። በዚህ ስናደድ ኖሬ ኖሬ፣ አንድ ቀን «ለምን የራሴን አልከፍትም?» አልኩ። ባለቤቴ «ራስ ሳይጠና ጉተና» አለኝ። ሰማሁት፤ ግን ከፈትኩ።

መክፈት ሲባል ሱቅ እንደ መክፈት እንዳይመስላችሁ። የሰው ገላ የሚነካ ድርጅት የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የሚፈልገው ወረቀት ነው። ስለ እጅ መታጠብ ፖሊሲ አለ። ስለ ቤት ቁልፍ ፖሊሲ አለ። የደንበኛው ውሻ ቢነክስ ምን እንደሚደረግ ፖሊሲ አለ። ስለ ስጦታ ደግሞ «ሠራተኛ ከደንበኛ ቤት ምግብም ሆነ ስጦታ አይቀበልም» የሚል ፖሊሲ ጽፌያለሁ፤ በዚያን ዕለት በቀድሞ ሥራዬ የምንከባከባቸው አንዲት የጃማይካ እናት በግድ ያሸከሙኝን የዝንጅብል ኬክ እየገመጥኩ ነው የጻፍኩት።

ወረቀቱ ሲያልቅ ቃለ መጠይቅ መጣ። ጠያቂዋ በኮምፒዩተሩ መስኮት ብቅ አለችና፣ ደንበኛሽ እርዳታ እያስፈለገው አያስፈልገኝም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ። እንዴት ያለ መልስ መለስኩላት መሰላችሁ! ክብሩን እጠብቃለሁ፣ ፈቃዱን አከብራለሁ፣ ለሚመለከተው አካል ግን እውነቱን ሳልሸሽግ አሳውቃለሁ አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ጻፈችው። ፈቃዱ በመጣ ጊዜ ፍሬም አስገብቼ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልኩት።

ፈቃድ ማግኘትና ሰው ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። አራት ወር ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። ፈቃድ አውጥቶ ማንንም ሳይንከባከብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ድርጅት ደግሞ ፈቃዱ ሊነሣበት ይችላል። የቦርድ ሰብሳቢው ምሳውን እየበላ ፍሬሙን ቀና ብሎ ማየት አበዛ። እኔም ማየቱን አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አበዛሁ።

በዚህ መሀል ነው እትዬ ጥሩወርቅ የደወሉልኝ። ቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አዲስ አበባ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ከካውንስሉ ደብዳቤ ይልቅ የጠራ ነው፤ እንዲያውም ደብዳቤ ሲመጣላቸው ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርመው ነው ፋይል የሚያደርጉት። ካሌዶኒያን ሮድ፣ የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከመታጠቢያ ገንዳው ሲወጡ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታሉ ጠግኖ ሲያወጣቸው ለስድስት ሳምንት ብቻ ኬረር መደበላቸው። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ የካውንስሉ ሶሻል ወርከር ቤታቸው መጥቶ ይገመግማቸዋል። እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ካለ በቋሚነት የኬረር ሰዓት ይፈቀድላቸዋል፤ ድርጅቱንም ራሳቸው ይመርጣሉ። «አንቺን መርጫለሁ ልጄ፤ የራሴ ሰው ታጥበኝ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ እልል አልኩ።

አያስፈልጋቸውም ካለስ? ማንቸስተር የምትኖረው አንድያ ልጃቸው ሔዋን ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሲወድቁ ሌሊቱን ሙሉ መሬት ላይ ነበሩ፤ ያገኛቸው ጠዋት ላይ ፖስተኛው ነው። ሁለተኛ ይህን አላይም፤ ሰዓት ካልተፈቀደልሽ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትገቢያለሽ ብላለች። ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እትዬ ግን ይህን ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። አሁን ያሉበት ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፤ ባለቤታቸውን ያስታመሙበት ቤት ነው። «ከዚህ የምወጣው በሳጥን ነው» ይላሉ፤ ሲሉት ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም ስለ ድርጅቴ ማሰቡን ትቼ ስለ እሳቸው ማሰብ የጀመርኩት ያን ድምፅ ስሰማ ነው።

ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር ገለጥኩ። እያንዳንዷ ኬረር የሠራችውን እዚያ ላይ ትጽፋለች። አምስት ሳምንት የተጻፈውን አንብቤ ላብ ላብ አለኝ። «ደህና ናቸው። ገላ መታጠብ አልፈለጉም። ሻይ አፈሉልኝ።» በማግሥቱ፦ «ደህና ናቸው። መታጠብ አልፈለጉም። ምሳ አበሉኝ።» አንዷማ «ደህና ናቸው፤ የልብሴን ቁልፍ ሰፉልኝ» ብላለች። እንግዲህ ይህን ደብተር ያነበበ ሶሻል ወርከር ኬረር የሚመድበው ለማን ይመስላችኋል?

እትዬ፣ ምን ነክቶዎት ነው ብላቸው፣ ከደጅ የመጣች ልጅ፣ ዝናብ የመታት ልጅ፣ ቤቴ ገብታ አፏን ሳታሟሽ እንዴት ትወጣለች አሉኝ። ገላዎንስ ለምን አልታጠቡም ስላቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ገና ስሟን እንኳ ሳላውቅ?» አሉ።  እኔም ብሆን ስሟን ሳላውቅ አልታጠብም።

ግምገማው ስድስት ቀን ቀርቶት ነበርና ልምምድ ጀመርን። እኔ ሶሻል ወርከር ሆኜ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ሕጉን ነገርኳቸው፦ ጥሩውን ቀንዎን ሳይሆን የከፋውን ቀንዎን ይንገሩ፤ «አልችልም» ማለት ነውር አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ከሕፃንነቴ ጀምሮ» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ስለ መሄድ ስጠይቅ «ውጪልኝ ከዚህ!» ብለው በከዘራቸው በሩን አሳዩኝ። በአራተኛው ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው «አልችልም» አሉ። በስድስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገልጠው አሉት። ሳምኳቸው። ተማሪዬ በማዕረግ አለፉ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ግምገማው ለአራት ሰዓት ተቀጥሮ ስለነበር እኔ በሦስት ሰዓት ተኩል ደረስኩ። በሩ ሲከፈት የሳምቡሳ ሽታ ተቀበለኝ። ወለሉ ያበራል። ጠረጴዛው ላይ ሳምቡሳ፣ ከጎኑ ላዛኛ፣ ከጎኑ በብርጭቆ የተደረደረ ጭማቂ። እትዬ ራሳቸው ነጭ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ የወርቅ ጉትቻ አድርገው፣ በሩን ደገፍ ብለው ቆመዋል። መራመጃቸው የለም። ሆስፒታሉ የሰጣቸው ባለ ባልዲው የመጸዳጃ ወንበር ከአልጋቸው አጠገብ ጠፍቷል። የት ሄደ ብላቸው «እንግዳ ሲመጣ ያን ዘርግቼ ልጠብቅ?» አሉኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

እትዬ፣ ልምምዳችንስ? አልኳቸው። አስታውሳለሁ፣ እናገራለሁ፣ ግን ከቆሸሸ ቤት ሆኜ መናገር አልችልም አሉ። ልብ በሉልኝ፤ «አልችልም» የሚለውን ቃል በትክክል ተጠቅመውበታል፣ ቦታው ብቻ ተሳሳተ። ደወሉ ሲጮህ እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ኋላ ነው የገባኝ፦ ከተቀመጡ ለእንግዳው ብድግ ማለት እንደማይችሉ ስላወቁ ነው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመው የጠበቁት።

ሶሻል ወርከሩ ማርክ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ በብስክሌት የመጣ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ የያዘ ሰው ነው። እንዴት ነዎት ሲላቸው በዚያ በጠራ እንግሊዝኛቸው፣ በጣም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትዎ ደህና ናቸው? አሉት። ደህና ናት አለ። አባትዎስ? አሉት። ሰውዬው ቤተሰቡን ዘርዝሮ እስኪጨርስ አምስት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ እትዬ ግድግዳውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ግምገማው ተጀመረ።

መታጠብ ይችላሉ? ዛሬ ጠዋት ታጥቤያለሁ። ልብስ መልበስስ? ይኸው ለብሻለሁ። ምግብ ማብሰልስ? እትዬ በእጃቸው ወደ ጠረጴዛው አሳዩት። ሰውዬው ሳምቡሳውን አንድ ጊዜ ገመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን ሳይጠየቅ አነሣ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ በጉሮሮዬ ምልክት እሰጣለሁ፤ እሳቸው «ውሃ ጠጪ ልጄ፣ ጉንፋን ይዞሻል» ይሉልኛል።

በመጨረሻ ማርክ ወደ እኔ ዞረ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ እንዴት ታይዋለሽ፣ በርግጥ ብቻቸውን ይችላሉ? አለኝ። ይኸውላችሁ፣ ሰዓቱ ደረሰ። ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀልኩት ፈቃድ ትዝ አለኝ። ለሚመለከተው አካል እውነቱን ሳልሸሽግ ያልኩት ትዝ አለኝ። አፌን ስከፍት እትዬ አዩኝ። የዳይሬክተር ዓይን ነው፤ ስንት ሴት ልጅ በዚያ ዓይን ተቀጥታለች። ግን ቁጣ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ልመና ነበረበት። በእንግዳ ፊት፣ በወንድ ፊት፣ ሽንታቸውን እንዴት እንደሚሸኑ እንዳልናገርባቸው እየለመኑኝ ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚነሣ አላውቅም፤ ምላስ ላይ እንደሚቀመጥ ግን ያን ዕለት አረጋገጥኩ። «በጣም ጠንካራ ሴት ናቸው» አልኩ።

ማርክ ጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ደስ የሚል ጊዜ ነበር ብሎ ተነሣ። እኔ ወለል ወለሉን አያለሁ። አፍሬያለሁ። እኚህ ሴት ቤታቸውን ሊያጡ ነው፤ አለሁ ባይዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

እንግዳ ተነሣ እንግዲህ፤ እንግዳ ሲነሣ ምን ይደረጋል? ይሸኛል። ቢያንስ እስከ በሩ። እትዬ ሁለቱን እጆቻቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርገው ለመነሣት ሞከሩ። አልሆነም። ፈገግ እንዳሉ ደግመው ሞከሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ላግዛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ በሦስተኛው ወገባቸው ትንሽ ከፍ አለና ተመልሰው ዘፍ አሉ። ማርክ በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል። ያኔ እትዬ ጥሩወርቅ ፈገግታቸው ጠፋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉት፤ «ልሸኝዎት አልቻልኩም።» ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ስድስት ቀን ያስጠናኋቸው ቃል በስተመጨረሻ ወጣ። ለመታጠብ አይደለም፣ ለመጸዳጃ አይደለም፣ ቤታቸውን ለማዳን እንኳ አይደለም። እንግዳ ሳይሸኙ መቅረታቸው ነው አንጀታቸውን የበላው። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በየትኛው ፖሊሲ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማርክ የራስ ቁሩን መሬት ላይ አስቀመጠና ተመልሶ ተቀመጠ። ወረቀቱን ደግሞ አወጣ። ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የተነሡት? አላቸው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አሉ። መታጠቡ ስንት ሰዓት ፈጀ? ሁለት ሰዓት፣ ያውም በጨርቅ ነው፣ ገንዳውን እፈራዋለሁ አሉ። ነገስ? ነገማ ከአልጋዬ አልነሣም፣ የሚመጣም እንግዳ የለ አሉ። እያንዳንዱን ጻፈው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የኬር ማኔጀሯ አንቺ ነሽ አይደል? አለኝ። ምንጣፉ ላይ ስንት አበባ እንዳለ እስከ ዛሬ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ያዳኑኝ እትዬ ናቸው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ቁልፍ ፈትተው፣ «ስንዱ፣ ቁም ሣጥኑን ክፈቺለት» አሉኝ። ከፈትኩት። መራመጃውና የመጸዳጃ ወንበሩ ነጭ ጋቢ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። ማርክ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ቀስ ብሎ መልሶ አለበሳቸው። ለዚህች አንዲት ነገር እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ፣ በ«አለሁ ኬር»። ሔዋን ከማንቸስተር ደውላ አለቀሰች። እትዬ ደብዳቤውን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ አርመው አሳዩኝ። ከግርጌው እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ግለሰቧ ችግራቸውን አሳንሰው የመናገር ልማድ አላቸው። የኬር ማኔጀሯም እንደዚሁ።» ይህኛው ላይ ቀይ መስመር አላገኘሁበትም።

ያ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እትዬ አሁን የሚታጠቡት በእኔ እጅ ነው፤ ስሜን ያውቁታልና። ሻይ ያፈላሉ፣ አልጠጣም እላለሁ፣ እጠጣለሁ። ከእሳቸው አፍ የሰሙ ሌሎች እናቶችና አባቶች መጡና ዛሬ ስድስት ሰዎች እንንከባከባለን፤ ሁለት ኬረሮችም ቀጥሬያለሁ። እና ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ኢንስፔክተር መጥቶ ቢሮሽን ያያል፣ አንቺንም ያነጋግራል ብሎ ጻፈልኝ።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ወገቤ ከታመመ ሁለት ወሩ ነው። የአንዷ ሠራተኛዬ የሥልጠና ፋይል ግማሹ ባዶ ነው። የሚጻፈው ወረቀት ከእኔ አቅም በላይ ሆኗል፤ ረዳት ያስፈልገኛል። ይህን ለእትዬ ጥሩወርቅ ስነግራቸው በዚያ በዳይሬክተር ድምፃቸው መከሩኝ። ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ሊረዱሽ ነው የሚመጡት፤ ጥሩውን ቀንሽን ሳይሆን የከፋውን ቀንሽን ንገሪያቸው፤ «አልችልም» ማለት ነውር አይደለም አሉኝ። ከየት ተምረውት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሺ አልኳቸው፤ ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

ኢንስፔክተሩ በሚመጣበት ዕለት ማለዳ ባለቤቴ ለጠዋት ፈረቃ ሲነሣ ኩሽና ውስጥ አገኘኝ። ያ ግማሹ ባዶ የሆነው ፋይል የት ሄደ? አለኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አልኩት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎኝ ወጣ።

ኢንስፔክተሩ በአራት ሰዓት መጣ። ቆሜ ነበር የጠበቅኩት። ሥራው እንዴት ነው፣ የተቸገራችሁበት ነገር ይኖር ይሆን? ብሎ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ጠየቀኝ።

«ምንም የለም፣ በጣም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። «ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ከሳምቡሳው ይቅመሱልኝ።»